ከቀርከሃ ክር እስከ ኤል ኢ ዲ፦ የቶማስ ኤዲሰን ሕይወትና የቤታችን መብራት

ማታ ወደ መኝታ ክፍላችን ገብተን ማብሪያውን ቀጭ ስናደርግ ብርሃኑ እንዴት እንደመጣ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? መብራት ሲጠፋና የጥናት ሰዓት ሲቋረጥ ግን ሁላችንም እንጮሃለን። ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው መብራትን ከአደባባይ ወደ ሰው ቤት ያስገባውን የቶማስ አልቫ ኤዲሰንን የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የእሱ አምፑልም ቦታውን ኤል ኢ ዲ ለተባለው አዲስ መብራት እየለቀቀ ነው። ታዲያ የድሮውን ሳያውቁ የአዲሱን ጥቅም ማስተዋል አይቻልምና ከመነሻው እንጀምር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሚቺጋን ግዛት፣ ወደ ፖርት ሂዩረን ከተማ ተዛወረ። ት/ቤት ገባ፤ ነገር ግን የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጥያቄ ያበዛ ነበር፤ ሐሳቡም ከክፍሉ ውጭ ይዞር ነበር። መምህሩም አእምሮው የተዛባ ልጅ ነው ብሎ መናገሩን ኤዲሰን ካደገ በኋላ ያወሳ ነበር። እናቱ ናንሲ ቀደም ሲል መምህርት ስለነበረች ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ ልጇን ከት/ቤት አውጥታ ቤት ውስጥ ራሷ ታስተምረው ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባናል። መምህሩ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ እናቱም ልጅዎ ሊቅ ስለሆነ ት/ቤታችን አይመጥነውም የሚል አስመስላ አነበበችለት እየተባለ በሰፊው የሚወራው ታሪክ ማስረጃ የለውም። እውነቱ ከተረቱ አያንስም። እናቱ የሠራችው ትልቅ ሥራ በውሸት ማባበል ሳይሆን፣ ልጁ በገዛ እጁ እየሞከረ የሚማርበትን የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጽሐፍ መስጠቷ ነው። ልጁም በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሙከራዎች በቤታቸው ምድር ቤት እየሠራ አየ። ለእኛ ለመምህርነት ለተዘጋጀነው ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መምህር ተስፋ የቆረጠበትን ልጅ ሌላ መምህርት አነሣችው።

በ12 ዓመቱ ከፖርት ሂዩረን ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ። በዕቃ መጫኛው ፉርጎ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ የኬሚስትሪ መሞከሪያ አቋቋመ። አሮጌ ማተሚያም ገዝቶ በ1862 የራሱን ጋዜጣ እዚያው ባቡሩ ላይ እያተመ ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 15 ነው። እንግዲህ ለዚህ ለግድግዳ ጋዜጣችን ጽሑፍ አምጡ ስንባል ጊዜ የለንም የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ብናፍር አይከፋም! አንድ ቀን ግን ፎስፈረስ ወድቆ ፉርጎው ተቃጠለና መሞከሪያው ተዘጋ። የመስማት ችሎታውም ከልጅነቱ ጀምሮ እየደከመ ሄደ፤ ዕድሜውን በሙሉ ከደንቆሮነት ጋር ኖሯል።

በዚያው በ1862 በአንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሳለ የጣቢያው ሹም ልጅ የሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን በሐዲዱ ላይ ሲጫወት፣ ፉርጎ ወደ እሱ ሲንከባለል አየ። ሮጦ ሕፃኑን አዳነው። አባትየው ገንዘብ ስላልነበረው ውለታውን የመለሰው ቴሌግራፍ በማስተማር ነው። ኤዲሰን ወደ ኤሌክትሪክ ዓለም የገባው በዚህ በር ነበር። ለጥቂት ዓመታት ከከተማ ከተማ እየዞረ በቴሌግራፍ ሠራተኛነት አገለገለ፤ ደመወዙንም በመጽሐፍና በሽቦ ጨረሰው።

የመጀመሪያ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1869 ነው። መሣሪያው በምክር ቤት ውስጥ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚቆጥር ነበር። በደንብ ይሠራል፤ የሚፈልገው ሰው ግን ጠፋ። የምክር ቤት ሰዎች ድምፅ ሲቆጠር የሚገኘውን የመከራከሪያ ጊዜ ማጣት አልወደዱም። ኤዲሰን ከዚህ ውድቀት የተማረው ትምህርት ዕድሜ ልኩን መራው፦ ሰው የማይፈልገውን ነገር አለመሥራት። ቆየት ብሎ መብራትን ሲያስብ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ይበራል ወይ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ተራው ሰው በቤቱ ሊያበራው አቅሙ ይችላል ወይ የሚለውንም ነው።

በ1876 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ሥፍራ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። በ1877 ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ፤ ስሙም በዓለም ናኘ። በ1878 ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ መብራት ፊቱን አዞረ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናስተካክል። ፈተና ላይ አምፑልን የፈጠረው ማነው ሲባል ኤዲሰን ብለን እናልፋለን። ከእሱ በፊት እኮ ብዙዎች ሞክረዋል። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሁለት ከሰሎች መካከል ኃይለኛ ብርሃን አሳይቷል። ይህ ብርሃን ለጎዳና እንጂ ለቤት አይሆንም፤ ዓይን ያጭበረብራል፣ ይጨሳል። ሌላው እንግሊዛዊ ጆሴፍ ስዋንም ከኤዲሰን ጋር በአንድ ዘመን የከሰል ክር ያለው አምፑል ሠርቷል። ታዲያ የኤዲሰን ድርሻ ምኑ ላይ ነው? ድርሻው አምፑሉን ብቻ ሳይሆን ከማመንጫው እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለውን በሙሉ እንደ አንድ ነገር ማሰቡ ነው።

ነገሩን በፊዚክስ እንየው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ከሽቦው ሬዚስታንስ የተነሣ ሙቀት ይፈጠራል። የሚባክነው ኃይል በኮረንቱ ልክ ሳይሆን በኮረንቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ኮረንቱን በግማሽ ብትቀንሱት ብክነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሞካሪዎች ብዙዎቹ ወፍራምና ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ክር ይጠቀሙ ስለነበር ብዙ ኮረንት ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን ለማድረስ ደግሞ እንደ ክንድ የወፈረ የመዳብ ሽቦ ሊዘረጋ ነው። መዳቡን ማን ይችለዋል? ኤዲሰንና የሒሳብ ሊቁ ባልደረባው ፍራንሲስ አፕተን አስልተው የደረሱበት መፍትሔ ክሩን ቀጭንና ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ማድረግ ነው። ያኔ ኮረንቱ ያንሳል፣ የመዳቡ ሽቦ ይቀጥናል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

በወረቀት ላይ ያለቀው ነገር በእጅ ግን አላለቀም። ቀጭን ክር ቶሎ ይቃጠላል። እንዳይቃጠል አየሩን ከብርጭቆው ውስጥ መምጠጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህም በዘመኑ የነበረውን ምርጥ የሜርኩሪ ፓምፕ አሻሽለው ተጠቀሙ። በኦክቶበር 1879 ወደ ከሰልነት የተለወጠ ተራ የጥጥ ክር በአየር አልባው ብርጭቆ ውስጥ ከ13 ሰዓት በላይ በራ። በዲሴምበር 31 ምሽት ሜንሎ ፓርክ በአምፑል ደምቆ ሕዝቡ እንዲያየው ተከፈተ። ከዚያ በኋላም ሥራው አልቆመም። በሺህ የሚቆጠሩ የዕፅዋት ዓይነቶችን እየከሰሉ ሞከሩ፤ በመጨረሻ የተሻለ ሆኖ የተገኘው የቀርከሃ ክር ነው። ከጃፓን የመጣው ቀርከሃ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚያበራ ክር ሆነ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ቻርልስ ባችለር ክሩን ያዘጋጃል፣ ጆን ክሩሲ መሣሪያውን ይሠራል፣ ሉድቪግ ቦም ብርጭቆውን ይነፋል። ከባርነት ካመለጡ ጥቁር ወላጆች የተወለደው ሉዊስ ላቲመር ደግሞ በ1882 ለሌላ ኩባንያ ሲሠራ የተሻለ የከሰል ክር አሠራር የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ በ1884 ከኤዲሰን ኩባንያ ጋር ሠርቷል። ስማቸው በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይነሣም። እኛ ስናስተምር ብናነሣው ደግ ነው።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 በኒው ዮርክ፣ ፐርል ጎዳና ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ያበራው ለ82 ደንበኞች 400 ያህል አምፑሎችን ነበር። በ1884 የደንበኞቹ ቁጥር ከ500፣ የአምፑሎቹም ከ10,000 አለፈ።

ይሁን እንጂ የኤዲሰን ታሪክ ድል ብቻ አይደለም። ማመንጫው የሚሰጠው በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ቀጥተኛ ኮረንት ነበር። ይህ ኮረንት በዚያ ዘመን ከአንድ ማይል አካባቢ ርቆ አይሄድም፤ ብክነቱ ይበዛል። በአንጻሩ አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚፈሰው ተለዋዋጭ ኮረንት በትራንስፎርመር ከፍ ዝቅ ስለሚደረግ ሩቅ አገር ይደርሳል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በዚህ መንገድ ሄደ፤ የኒኮላ ቴስላንም ሞተር ገዛ። ኤዲሰን ስሕተቱን አምኖ ከመቀበል ይልቅ ተለዋዋጭ ኮረንት ገዳይ ነው የሚል ዘመቻ ከፈተ። በ1888 ይህንኑ ለማሳየት በገዛ ቤተ ሙከራው እንስሳት በኮረንት ሲገደሉ ፈቀደ። ይህ በሥራው ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ? ተሸነፈ። በ1892 ኩባንያው ከተቀናቃኝ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል የኤዲሰን ስም እንኳ ከመዝገቡ ወጣ። አዋቂ ሰው ሁሉንም ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከዚያም በኋላ ሥራ አልፈታም። የብረት ማዕድን በማጣራት ሥራ ብዙ ገንዘብ ከሰረ፤ በተንቀሳቃሽ ሥዕልና በባትሪ ሥራ ተካሰ። በዲሴምበር 1914፣ በ67 ዓመቱ፣ የዌስት ኦሬንጅ ፋብሪካው አብዛኛው ክፍል በእሳት ወደመ፤ ወዲያው መልሶ መገንባት ጀመረ። በአሜሪካ ብቻ 1,093 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበውለታል። ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ አረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በቀብሩ ዕለት ምሽት፣ አሜሪካውያን ለመታሰቢያው ለአጭር ጊዜ መብራታቸውን አጠፉ።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። የኤዲሰን አምፑል አንድ በሽታ ነበረበት። በ1910 አካባቢ የከሰሉ ክር በተንግስተን ቢለወጥም በሽታው አልዳነም። ክሩ የሚያበራው ስለጋለ ነው፤ እስከ 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ከምንከፍልበት ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትንሽ ብርሃን የምትሰጥ ምድጃ ናት!

ኤል ኢ ዲ የሚያበራው በሌላ መንገድ ነው። የሚጋል ክር የለውም። ሴሚኮንዳክተር ከተባለ፣ ኤሌክትሪክን በከፊል ከሚያስተላልፍ ነገር የተሠራች፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ ቁራጭ ናት። ቁራጯ ሁለት ወገን አላት። በአንደኛው ወገን ትርፍ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ በሌላኛው ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ። ኮረንት በትክክለኛው አቅጣጫ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹ ድንበሩን ተሻግረው ክፍት ቦታዎቹ ውስጥ ይወድቃሉ። ከፍ ካለ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ስለወረዱ ትርፉን ኃይል በብርሃን መልክ ይጥሉታል። ከደርብ ወደ ምድር የዘለለ ልጅ መሬቱን ጧ ሲያደርገው እንደምንሰማው አድርጋችሁ አስቡት፤ እዚህ ግን የሚወጣው ድምፅ ሳይሆን ብርሃን ነው። የዝላዩ ከፍታ የብርሃኑን ቀለም ይወስናል፦ አጭሩ ዝላይ ቀይ፣ ረጅሙ ሰማያዊ ይሰጣል።

ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ በ1920ዎቹ ይህን ዓይነቱን ብርሃን አጥንቶ ጽፎበታል። በ1962 ኒክ ሆሎኒያክ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤል ኢ ዲ ሠራ። የት ቢሆን ጥሩ ነው? እዚያው ከኤዲሰን ኩባንያ በተወለደው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ! ደማቁ ሰማያዊ ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አስቸግሮ ቆየ፤ እሱን የሠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሰማያዊው ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? ሰማያዊው ብርሃን ፎስፈር በተባለ ቢጫማ ቅብ ሲያልፍ ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጥና ሁለቱ ተቀላቅለው ነጭ ሆነው ይታዩናል። በቤታችን የምንሰቅለው ይኸ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቆጣሪያችን እናስላ። አንድ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፑል የሚሰጠውን ብርሃን አንድ ባለ 9 ዋት ያህል ኤል ኢ ዲ ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ የድሮው በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ኤል ኢ ዲው 1.35 ብቻ። አራት አምፑል ያለው ቤት በወር ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያተርፋል ማለት ነው። የድሮው ዕድሜ 1,000 ሰዓት ያህል ነው፤ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ሰባት ወር አይሞላም። ደኅና ኤል ኢ ዲ 15,000 ሰዓት ቢቆይ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለግላል። እንደ ፍሎረሰንት ሜርኩሪ የለበትም፤ ወዲያው ይበራል፤ የሚሰበር ቀጭን ክርም የለውም።

ስንገዛ ግን እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ዋቱን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን ልክ የሚነግረንን ሉመን የሚለውን ቁጥር እናንብብ፤ ከ60 ዋቱ የድሮ አምፑል ጋር የሚስተካከለው 800 ሉመን አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ ለመኝታ ክፍል 2,700 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ይስማማል፤ 6,500 የሚለው ነጣ ያለ የቀን ብርሃን ይመስላል። ሦስተኛ፣ ኤል ኢ ዲም ቢሆን ጥቂት ሙቀት አለው፤ ሙቀቱ በጀርባው ነው የሚወጣው። አየር በማያገኝ ጠባብ ማቀፊያ ውስጥ ከታፈነ ዕድሜው ያጥራል። ርካሹ ዓይነት ቶሎ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የብርሃኗ ቁራጭ ሞታ ሳይሆን በአንገቱ ውስጥ ያለው የኮረንት መለወጫ ተቃጥሎ ነው።

ይህች መለወጫ ነገር አንድ የሚያስገርም ነገር ታስታውሰናለች። ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው ቀጥተኛ ኮረንት ነው፤ ያንኑ ኤዲሰን የተሸነፈበትን! ከግድግዳው የሚመጣው የ220 ቮልቱ ተለዋዋጭ ኮረንት አምፑሉ አንገት ውስጥ ወደ ዝቅተኛ ቀጥተኛ ኮረንት ይለወጣል። የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ደግሞ ከመነሻው የሚሰጠው ቀጥተኛ ኮረንት ነው። ስለዚህ በገጠሩ የአገራችን ክፍል የዋናው መስመር ሽቦ ባልደረሰበት ቤት፣ ትንሽ ሰሌዳ፣ ባትሪና ኤል ኢ ዲ ተገናኝተው ያለ ትራንስፎርመርና ያለ ረጅም መስመር ቤት ያበራሉ። በዚህ በኩል ኤዲሰን ጨርሶ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል።

ውድ እጩ መምህራን! ነገ የምንመደብባቸው ት/ቤቶች ሁሉም መብራት ያላቸው አይደሉም። ተማሪው ማታ የሚያጠናው በኩራዝ ጢስ ዓይኑን እያሸ ሊሆን ይችላል። ኩራዝ ላምባ ይበላል፣ ደረት ይጎዳል፣ ሕፃን ሲገፋው ቤት ያቃጥላል። ወላጆችን ሰብስበን በትንሿ የፀሐይ ኤል ኢ ዲ ፋኖስና በኩራዙ መካከል ያለውን የወጪ ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብናሰላላቸው ከአንድ ወር ትምህርት አያንስም።

በክፍል ውስጥም ልናሳየው እንችላለን። ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ኤል ኢ ዲና 100 ኦም ሬዚስተር ይበቃሉ። ስናገናኛቸው ትበራለች፤ ድንጋዮቹን ብንገለብጣቸው ትጠፋለች። ለምን ጠፋች ብለን ከመናገራችን በፊት ተማሪዎቹን እንጠይቅ። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ጥያቄ የሚያበዛው፣ ጆሮው የደከመው ልጅ እንዲነካው፣ ገልብጦ እንዲያየው እንፍቀድለት። አእምሮው የተዛባ ነው ብሎ ከክፍል ማስወጣት ለማንም ቀላል ነው። የኤዲሰን እናት የመረጠችው ከባዱን መንገድ ነው፤ ዛሬ የምናበራው መብራት መነሻውም እዚያ ነው።